እናቴ ሰማያዊ የሆነችባቸው አራት ቀናት

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ እናቴ የገዛ ወንድሟን ልትገድል ነው ብዬ አምኜ አራት ቀን ሙሉ ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሬአለሁ። ኖርኩ እንጂ በላሁ አልልም። የምታቀርብልኝን ገንፎ ዞር ስትልልኝ ለጎረቤት ውሻ እሰጠው ነበር። ውሻው ወፈረ፣ እኔ ከሳሁ። እናቴ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ትል የገባ መስሏት መራራ ቅጠል ጨምቃ አመጣችልኝ። ይኸው፣ ተራው የኔ ደረሰ ብዬ ጥርሴን ግጥም ባደርግ አፍንጫዬን ይዛ አስዋጠችኝ። ሞቴን ስጠብቅ ዋልኩ፤ የያዘኝ ግን ተቅማጥ ብቻ ነበር።

ዛሬ ሳወራው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

የምንኖረው ካርቴጅ ውስጥ፣ ከሠረገላ መሽቀዳደሚያው ሜዳ ጀርባ ነው። አባቴን ባሕር ከበላው ቆይቷል። እናቴ ስፔራታ ለሠረገላ ነጂዎች የቆዳ መታጠቂያ እየሰፋች ታሳድገኝ ነበር። ነጂ የአራት ፈረስ ዛብ በእጁ ብቻ አይዝም፤ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚነዳው። ሠረገላው የተገለበጠ እንደሆነ ፈረሶቹ እሱን እየጎተቱ ይቀጥላሉ። በሻጠው ቢላዋ ዛቡን ቆርጦ እስኪያመልጥ ድረስ ጎድኑን የሚያተርፍለት ያ የእናቴ ቆዳ ነው። አንዳንዱ ለጥገና ሲመለስ ደም ይዞ ይመጣል፤ እናቴም ምንም ሳትናገር ታጥበዋለች። እኔ የፈረስ ደም ይመስለኝ ነበር።

ሜዳው ላይ አራት ቡድን ይሮጣል፤ እያንዳንዱ በቀለሙ ይጠራል፣ ሁለት ሦስት ሠረገላም ያሰልፋል። ቀይና ነጭን ከቁም ነገር የሚቆጥራቸው የለም፤ ዋናው ጠብ የአረንጓዴና የሰማያዊ ነው። የኛ ሰፈር አረንጓዴ ነበር። ሰማያዊ ደጋፊ ከጉድጓዳችን ውሃ አይቀዳም። ዳቦ ጋጋሪው አማቹ ሰማያዊ መሆኑን ያወቀው በሠርጉ ማግስት ነው፤ የምድጃ አካፋውን ይዞ እስከ ወደቡ ድረስ አሯሩጦታል። እኛ ዘንድ ሌባም ይታዘንለታል፣ ሰካራምም ይታዘንለታል። የራሱ ቀለም እንዲሸነፍ የሚመኝ ሰው ግን ከሰው አይቆጠርም። ይህን ጡት ሳልጥል ነው የተማርኩት። እንደዚያ የተሳሳትኩትም ለዚህ ነው።

አጎቴ ናምፋሞ የአረንጓዴዎቹ ነጂ ነበር። አጭር፣ አፍንጫው ሁለቴ የተሰበረ፣ ቁስሉን የሚያጥብበት ኮምጣጤ ከሩቅ የሚሸት ሰው። ሰፈር ሲገባ ልጅ ሁሉ ከኋላው ይንጋጋል፤ እኔን ግን ትከሻው ላይ ያስቀምጠኛል። ከዚያ ላይ ሆኜ የግድግዳውን ጽሑፍ አነብለታለሁ፣ እሱ ማንበብ አያውቅምና። እኔም ብሆን የማውቀው ግድግዳ ላይ የሚጻፈውን ብቻ ነው፦ የነጂ ስም፣ የፈረስ ስም፣ “አሸነፈ”፣ “ይሙት”፣ “እሰር”። ከዚያ ያለፈ ንባብ አልነበረኝም። አጎቴ ላይ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም ብዬ አምን ነበር። ከውድድር በፊት እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ለመሮጥ ቸኩሎ ነው አልኩ።

ከበዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ለአዲስ መታጠቂያ ሊለካ መጣ። እኔ ጥግ ላይ ቁርጥራጭ ቆዳ እለቅማለሁ። እሱ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፣ እናቴ መለኪያ ገመዷን ደረቱ ላይ ታዞራለች። ወሬው በሳቅ ነበር የጀመረው። የአረንጓዴዎቹ ሹም ከሮም መጥቶ በዓሉን እንደሚያይ፣ አጎቴ ካሸነፈ ይዞት እንደሚሄድ ነገራት። ለማሸነፍ ደግሞ መዞሪያው ጋ ሲደርስ በውስጥ በኩል፣ ድንጋዩን እየታከከ፣ ከሰማያዊው ነጂ ቀድሞ መግባት አለበት። ሠረገላ የሚገለበጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መዞሪያው ጋ ነው። እናቴ መለካቷን አቆመች።

“ብትሸነፍልኝ ደስ ይለኛል” አለችው።

አጎቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

“ከልቤ ነው። ኋላ ቀርተህ ሕዝቡ ሲያፏጭብህ ማየት ነው የምፈልገው።”

“እታለም፣ ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል” አላት ወደ እኔ እያየ።

እናቴ ገመዷን አንስታ እንደገና ለካችው፣ ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ለካችው። ዛሬ ሳስበው እየለካች አልነበረም፤ በየውድድሩ የተሰበሩትን ጎድኖቹን በጣቷ እየቆጠረች ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ እጇን አላየሁም። የሰማሁት ንግግር ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር። እናቴ አረንጓዴ እንዲሸነፍ ትፈልጋለች። እናቴ ሰማያዊ ናት።

በማግስቱ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት አየሁ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚያስጠሙበት ዓይነት እርሳስ ነው፣ ግን ተቀጥቅጦ እንደ ቅጠል ሳስቷል። እናቴ ከምትሰፋው ቆዳ ሥር ሸሽጋው፣ አናቱ ብቻ ብቅ ብሏል። የእርሳስ ቅጠል ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ካርቴጅ ውስጥ የለም። ድግምተኛው የነጂውንና የፈረሶቹን ስም ይጭርበታል፤ ተጠቅልሎ ዕድሜው ሳይደርስ በሞተ ሰው መቃብር ውስጥ ይጣላል፤ ሟቹም መልእክቱን ወደ ሙታን ዓለም ያደርሳል፣ ስሙ የተጻፈውም ይታሰራል። ነጂ ሲሞት እርሳስ ገደለው ይባላል፣ ሌላ ምክንያት የሚጠይቅ የለም። ብቅ ያለውን አነበብኩት። ናምፋሞ። አይነኬ፣ ቀስቱ፣ ዳመና፣ ጥቁሩ። እነዚህ አራቱ የአጎቴ ፈረሶች ናቸው። ከሥራቸው “እሰር” የሚል ነበር። የቀረውን ቆዳው ሸፍኖታል፤ ባይሸፍነውም የማነበው አልነበረም።

እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ሲበሳና ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ እናቴ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወጣች። ተከተልኳት። ከሜዳው ማዶ፣ ከወይራ ዛፎቹ ጀርባ ወዳለው መቃብር ቦታ ሄደች። እዚያ መቃብሮቹ አናታቸው ላይ የሸክላ ቧንቧ አላቸው፤ ዘመድ ለሟቹ ወይንና ማር የሚያፈስበት ነው። እናቴ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሞተ የአንድ ጸሐፊ ልጅ መቃብር ጋ ተንበረከከች። እርሳሱን ቧንቧው ውስጥ ጣለችው፣ ማር ጠብ አደረገችበት፣ ግንባሯን ሸክላው ላይ አሳርፋ ረጅም ጊዜ አወራች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃሉ አይሰማኝም። ስትነሳ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጥላቻ ነው አልኩ።

የሚቀጥለውን ሁሉ ለመናገር አፍራለሁ። ፀጉሬን ስትሠራልኝ አንገቴን እሸሻለሁ። ስትስመኝ ጉንጬን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ። አንድ ጊዜ፣ “ሮጋታ፣ ምን በደልኩሽ?” አለችኝ። ወደ ውጭ ሮጥኩ። ያቺ ሴት ያን ሰሞን የነበራት ጭንቀት ሳይበቃት እኔም ተጨመርኩባት።

በሦስተኛው ቀን ጫፉ የተቆለመመ ወስፌዋን ሰርቄ በክር አሰርኩና ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ቧንቧው ጉንዳን ሞልቶታል፣ ለማሩ የመጡ ናቸው። እርሳሱ ከክንዴ ርዝመት ብዙም ሳይወርድ በደረቀ ቅጠል ተይዞ ቆሟል። ስይዘው ሲያመልጠኝ፣ ስይዘው ሲያመልጠኝ፣ በመጨረሻ ያዝኩት። ከዚያ ለአጎቴ ልስጠው ብል መንገድ የለም። በዓል ሲቀርብ ነጂዎች ከጋጣ አይወጡም፣ ሰውም አይገባባቸውም። ይህንኑ እርሳስ ፈርተው ነው። በነጋታው በር ላይ ያለው ዘበኛ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴ አባረረኝ። እርሳሱን በቀሚሴ ውስጥ፣ ሆዴ ላይ አስሬ ዋልኩ። ቀዝቃዛና ከባድ ነበር።

በበዓሉ ቀን እናቴ መታጠቂያውን ልታለብሰው ስትሄድ አብሬ ገባሁ። ጋጣው ውስጥ ሽንት፣ ዘይትና ድርቆሽ ይሸታል። አጎቴ ፈገግ ብሎ ቆመ፣ እሷ ቆዳውን በላይ በላዩ ጠመጠመችለት፣ እያንዳንዱን ጠፍር በጉልበቷ እየተደገፈች ወጥራ አሰረችው። ስትጨርስ ጀርባውን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ፣ ዞር ብላ ሳታይ ወጣች። ከጎረቤቶቻችን ጋር የምንቀመጥበት መደዳ እስክትደርስ አብሬአት ሄድኩና፣ በሰዎቹ እግር መሐል ሾልኬ ወደ ጋጣው ተመለስኩ፤ ዘበኛው ከእናቴ ጋር ስገባ አይቶኝ ስለነበር አላገደኝም።

“አጎቴ፣ እናቴ ሰማያዊ ናት” አልኩት ገና ሳልደርስበት።

እንዳይስቅ ደረቱ ተጠፍሯል፤ ግን ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። የጋጣው ጸሐፊ ሽማግሌው ቋድራቱስም አብሮት ሳቀ። እህትህ ሰማያዊ ከሆነችማ እኔ የንጉሥ ሚስት ነኝ አለው። ያን ጊዜ እርሳሱን ከቀሚሴ አወጣሁት። ሳቁ ቆመ። አጎቴ እስከ ግድግዳው ድረስ ወደ ኋላ ሸሸ። ሰው ሲሸሽ ያየሁት እባብ አይቶ እንጂ የእጄን መዳፍ የሚያህል ነገር አይቶ አልነበረም። እናቴ እንደቀበረችው፣ እኔ እንዳወጣሁት፣ እሱን ልትገድለው እንደነበር በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ሽልማት እየጠበቅኩ ነበር።

ቋድራቱስ እርሳሱን በጨርቅ ይዞ ዘረጋውና ወደ ብርሃኑ ጠጋ አለ። መጀመሪያ ስሞቹን አነበበ፣ እኔ የማውቃቸውን። ከዚያ ቀጠለ።

“አንተ ሳትደርስ የሞትክ፣ እናትህ ያለቀሰችልህ። የእነዚህን የአራቱን ፈረሶች እግር እሰር። አይቅደሙ። መዞሪያው ጋ ከማንም ጋር አይጋፉ። ናምፋሞን ግን አትንካው። ካንተ ጋር እንዲሆን አትጥራው። ኋላ ቀርቶ፣ ተሰድቦ፣ ሙሉ አካሉን ይዞ ይውጣልኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ነው።”

አጎቴ ፊቱን የፈረሱ የአይነኬ አንገት ውስጥ ደብቆ ቆመ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እንደገና የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

እኔ እፎይ አልኩ። ለአራት ቀን ያልወረደልኝ አየር በአንድ ጊዜ ወረደልኝ። እናቴ ሰው አትገድልም። እናቴ ሰማያዊም አይደለችም። ሮጬ ሄጄ ጉያዋ ውስጥ ልገባ ስዞር አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። ቆዳው ስለማያስጎነብሰው በጉልበቱ ተንበረከከልኝ። ፊቱ ረጥቧል።

“ከየት ነው ያወጣሽው?”

ነገርኩት።

“ሄደሽ መልሺው።”

“እንዴ፣ ትሸነፋለህ እኮ” አልኩት።

“ልሸነፋ” አለኝ። “ስሚኝ የኔ እመቤት። እኔ ራሴ ፈረሶቹን መያዝ አልችልም። መዞሪያውን ሳይ እጄ አይታዘዘኝም፣ ግባ ግባ ይለኛል። ሆን ብዬ ብዘገይ ደግሞ በራሴ አፍራለሁ። ከታሰሩ ግን ምን አደርጋለሁ? የኔ ጥፋት አይሆንም።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ለእናትሽ ፈራ ብለሽ እንዳትነግሪያት።”

አጎቴ እንደሚፈራ ያወቅኩት ያኔ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ሲፈራ ማየት ደስ አይልም፤ እኔን ግን የባሰ እንድወደው አደረገኝ። ቋድራቱስ እርሳሱን እንደነበረው ጠቅልሎ ሰጠኝ። አንዴ የተከፈተ ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሙታን ብዙ አያጣሩም፣ ሩጪ አለኝ።

ሮጥኩ። የበዓል ሕዝብ ወደ ሜዳው ሲጎርፍ እኔ ብቻዬን በተቃራኒው ነበርኩ። ሽምብራ ሻጮች መሐል ገባሁ፣ የአንዱን ቅርጫት ደፋሁበት፣ ስድቡን እየሰማሁ አለፍኩ። ከወይራዎቹ ስደርስ መለከቱ ተነፋ። መቃብሩ ጋ ወድቄ እርሳሱን ቧንቧው ውስጥ ከተትኩት፤ እንደገና እንዳይያዝ በእንጨት ወደ ታች ገፋሁት። ማር የለኝም፣ ወይን የለኝም። ለሟቹ ምን እንደምለው ጨነቀኝ። “አረንጓዴ ከነበርክ ይቅር በለን፣ ሰማያዊ ከነበርክ ደግሞ ደስ ይበልህ” አልኩት። እውነቴን ነው፣ ከዚህ የተሻለ ጸሎት አልመጣልኝም።

ከዚያ ሜዳው ጮኸ። በሮቹ ተከፍተዋል ማለት ነው። ከመቃብሩ ሆኖ ምንም አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው። ሠረገላዎቹ በዞሩ ቁጥር ጩኸቱም አብሯቸው ይዞራል፤ ወዲህ ሲመጡ ይበረታል፣ ማዶ ሲሆኑ ይሳሳል። በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት መሙላት አለበት። አምስተኛው ላይ፣ የማዶው መዞሪያ ጋ፣ ጩኸቱ ቀጥ አለ። በዚያ ሰፈር ያደገ ሰው ያን ዝምታ ያውቀዋል። ሠረገላ ተገልብጧል። ከዝምታው በኋላ ሴቶች ሲጮኹ ተሰማ።

እርሳሱን ዘግይቼ ነው የከተትኩት፣ አልደረሰም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዴ ላይ አስሬው የዋልኩት እኔ ነኝ፣ አጎቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህን እያልኩ ቧንቧውን አቅፌ አለቀስኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ የቀረው ዙር አልቆ፣ ሰዎች በንዴት ቀድመው መውጣት ሲጀምሩ፣ እየተጎተትኩ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹ አረንጓዴ ሻርፕ አንገታቸው ላይ የጠመጠሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ያ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ፊቱ ከንዴት የተነሳ ጠቁሯል።

“ናምፋሞ የሚባል አህያ” ይላል። “እንደ አሮጊት ነው የነዳው። ሦስቱ ተላትመው መንገዱ ባዶ ሲሆንለት እንኳ ልቡ ከዳው፣ ጭራ ሆኖ ገባ። እናቱ ባልወለደችው። ፈሪ፣ ከርሳም፣ አሣማ።”

ባለሁበት ቆምኩ። የሞተ ነጂን ማንም አይሰድብም። የሞተ ነጂ፣ ሲኖር ምን ያህል ጊዜ ቢሸነፍም፣ በዚያው ቀን ጀግና ይሆናል፤ ይለቀስለታል፣ ስሙ ግድግዳ ላይ ይጻፋል። የሚሰደበው በሕይወት ያለ ብቻ ነው። ዳቦ ጋጋሪው አፉን በከፈተ ቁጥር አጎቴ እየኖረልኝ ነበር። አሣማ ሲለው ልቤ በደስታ ዘለለ። ከኋላ የመጡትም ይሰድቡታል፣ ከእነሱ ኋላ የመጡትም። በስድብ መሐል እየሳቅኩና እያለቀስኩ ወደ ጋጣው ሮጥኩ፤ አንዲት ሴትዮ የሰማያዊ ልጅ መስዬአት ኩርኩም አቀመሰችኝ።

ጋጣው በር ላይ አጎቴ ፊቱ በአቧራ ነጥቶ ቆሟል። ለማፏጨት የተሰበሰበው ሕዝብ ያፏጫል። እናቴ በሰው መሐል እየተጋፋች ደረሰችበት።

“ተሸነፍክ?” አለችው።

“ተሸነፍኩ እታለም።”

ደረቱን በሁለት ጡጫዋ መታችው፣ ራሷ የሰፋችውን ቆዳ። ከዚያ ያንን አቧራማ ራስ በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን ሳመችው፣ ዓይኑን ሳመችው፣ ሁለቴ የተሰበረውን አፍንጫውን ሳመችው። ሕዝቡ ማፏጨቱን ቀጠለ፤ እነሱ ግን አልሰሙትም። እኔም ሄጄ ቀሚሷ ውስጥ ፊቴን ደበቅኩ። ስታቅፈኝ ምነው የት ነበርሽ እንኳ አላለችኝም።

መዞሪያው ጋ ከተላተሙት ሦስት ነጂዎች ሁለቱ ተረፉ። ሦስተኛው የነጭ ቡድን ነጂ ነበር፣ የሃያ ዓመት ልጅ። እናቴ ለእሱም አለቀሰች። መታጠቂያውን የሰፋችለት እሷ ስላልነበረች ይቆጫት ነበር፣ እስክትሞት ድረስ።

አጎቴ ሮም አልሄደም። ሹሙ ስሙን እንኳ ደግሞ አልጠራውም። ሁለት ወር ያህል ልጆች ባዩት ቁጥር ያፏጩበት ነበር፤ ከዚያ መንዳቱን ትቶ ውርንጭላ መግራት ጀመረ፣ ያረጀውም በዚያው ሥራ ላይ ነው። ፈረሶቹ እውነት ታስረው ነበር ወይስ የያዛቸው የአንተ እጅ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ፈረሶቹን ጠይቂያቸው ይለኛል። እናቴ እርሳሷ ከቧንቧው እንደወጣና እንደተመለሰ ሳታውቅ፣ በየዓመቱ ለዚያ ልጅ መቃብር ማር ስትወስድ ኖራ፣ ከስድስት ዓመት በፊት በገዛ አልጋዋ ላይ አረፈች። ልነግራት ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ደስታዋን ምን በወጣኝ አበላሽባታለሁ?

አጎቴ ዘንድሮ ሰባ ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፣ ጥርስ የለውም፣ በዓል በመጣ ቁጥር ከደጄ አይጠፋም። ትናንትም መጥቶ ምስሩ ጨው በዛበት፣ ዳቦው ደረቀ፣ የእናትሽን እጅ አልወረስሽም እያለ ሲነጫነጭብኝ ዋለ። ይነጫነጭ። በዚያን ዓመት አብረውት ከነዱት መሐል ስለ ምስር ጨው ለመነጫነጭ የደረሰ ሌላ ሰው አላውቅም።